በግ የጫነችው መርከብ

ታላቅ ወንድሜ የጭነት መርከብ ላይ መርከበኛ ነበር። ዘንድሮ መርከቧ ሰጠመች፤ አስከሬኑም አልመጣልንም። አርባው ባለፈ በሳምንቱ ከሞጆ ወደ አዳማ በሚኒባስ ስሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ላፕቶፕ ከፍተው ስለ መርከብ ያወሩ ነበር። ላፕቶፑ ላይ የከፈቱት የባሕር ጦርነት ጨዋታ ነው። አንደኛው ልጅ የራሱን የንግድ መርከቦች ሠርቶ ጨምሮበታል።

«ድሮ የንግድ መርከቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር እኮ። አሁን ስንዴ የሚጭን አለ፣ ነዳጅ አለ፣ ሲሚንቶ አለ።»

«ይቺ ዝገታምስ?»

«እሷ በግ ነው የምትጭነው።»

«አትቀልድ ባክህ!»

«ወላሂ! ስትመታ በጎቹ ይጮኻሉ። ድምፁን ሁሩታ አጎቴ ጋ ሄጄ ነው የቀዳሁት።»

«አጎትህ ምን አሉ?»

«‹ይኼን ሁሉ ዓመት ያስተማርንህ በግ ልታስጮህ ነው?› አሉኝ።»

ሁለቱም ሳቁ።

«መርከበኞቹስ? እነሱ አይጮኹም?»

«ሰው አላስገባሁባትም።»

«እንዴ! ማን ነው ታዲያ የሚነዳት?»

«አቦ፣ ሰው ሲበዛ ጨዋታው ይንቀራፈፋል። ደግሞ የንግድ መርከብ የሚመታው ለነጥብ ነው። ሰዎቹን ማን ያያቸዋል?»

«ቢያንስ አንድ ሰው አድርግባት። በጎቹን የሚጠብቅ።»

«እሺ፣ አንድ። ግን ድምፅ አልሰጠውም።»

እኔ ከኋላቸው ሆኜ የወንድሜን ድምፅ ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ ግን የሳሉ ድምፅ ብቻ ነበር።