ስትስባት የምትፈጥን ዘንግ

በደርግ ጊዜ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ በውይይት ታክሲ ስመለስ፣ አንድ ወጣት የኤምባሲ ሹፌርና አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ ፍጥነት የምትይዝ ዘንግ ያላትን መኪና ነድተዋል?» አለ ወጣቱ።

«የጃፓኑን ነድቻለሁ። ከመሪው ሥር ናት፤ ወደ ራስህ ስትስባት የያዘችውን ፍጥነት ትለቃለች።»

«እኔም የለመድኩት እሱን ነው። አሁን የጀርመን መኪና ሰጡኝ፤ ዘንጓ እዚያው ቦታ ናት። ትናንት ወደ ሞጆ ስንቃረብ ፍሬን ነክቼ አቀዘቀዝኩ። እንጨት የተሸከመች ሴት ስታቋርጥ ሳይ፣ ፍጥነቱን ጨርሳ እንድትለቅ ብዬ ዘንጓን ሳብኳት።»

«እሺ?»

«የጀርመኑ ሲስቧት የቀድሞውን ፍጥነት ነው የምትመልሰው! መኪናው ተፈተለከ።»

«እግር የለህም እንዴ? ፍሬን ከረገጥክ ሁለቱም ይለቃሉ እኮ!»

«እግሬማ ሰልጥኖ ተዘርግቶ ነበር። ደግነቱ ፍሬኑ ላይ ደረስኩበት፤ ሴትዮዋ ሸክሟን ጥላ አመለጠች።»

«አለቃህስ ምን አለ?»

«ከኋላ ተኝቶ ነበር። ሲነቃ ‹ውሻ ነው› አልኩት።»

«ውሻ!»

«ምን ላድርግ ጋሼ? እውነቱን ብነግረው ቁልፉን ይቀማኛል። ነገም በዚያው መንገድ ነን።»

«ሴትዮዋም ነገ በዚያው መንገድ ናት፣ ልጄ።»

ወጣቱ «ወራጅ አለ!» ብሎ ተጣራ።

«እዚህ ምን አለህ?»

«ልመለስ ጋሼ። አለቃዬ ከቢሮ ሳይወጣ ልድረስበትና እውነቱን ልንገረው።»

ታክሲው እንደገና ሲነሳ፣ ወለሉን አጥብቆ የረገጠውን ቀኝ እግሬን ቀስ ብዬ አነሳሁት።