መብራቱ ሰላም ማለት ሲያቆም

ለሰፋሪዎች እህል የማመላልስበት መኪና ላይ ቴፕ፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከርና የድምፅ ማጉያ አስገጥሜ አሶሳን ሳንቀጠቅጣት ከረምኩላችሁ። ችግሩ፣ የዘፈኑ ከበሮ በተመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ድርግም ይላል። መጨረሻ ላይ ሬዲዮ ጠጋኙ አልመሐዲ ጋ ወሰድኩት። "ከበሮ ሲመታ ማጉያው መብራት ሁሉ ይበላል" አለና የቲማቲም ጣሳ የምታህል ካፓሲተር ገጠመልኝ። "ይሄ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ከበሮ ሲመጣ እሱ ይሰጣል።" እውነቱን ነው፤ መብራቱ ቀጥ አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ አመሻሽ ላይ በሰፈራው መንደር በኩል ሳልፍ፣ አያ ይመር የሚባሉ ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ዱላቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉብኝ። ደንግጬ ቆምኩ።

"ምን አጠፋሁ ልጄ?" አሉኝ። "ሁልጊዜ በመብራት ትጠቅሰኛለህ፣ እኔም ባርኔጣዬን አነሳልሃለሁ። ትናንት ግን አይተህ እንዳላየህ አለፍከኝ፤ ዛሬም ልታልፈኝ ነው። በዚህ ባላወቅሁት አገር መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ አንተ ብቻ ነበርክ።"

አንድ ሰበብ ልፈጥር ፈልጌ ዓይናቸውን ሳይ አቃተኝ። የከበሮውንም የካፓሲተሩንም ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ "እና ይህን ሁሉ ጊዜ ባርኔጣዬን የማነሳው ለከበሮ ነዋ!" ብለው ከት ብለው ሳቁ። እሳቸው ግን አለቀቁኝም፤ በሩን በዱላቸው መታ መታ አደረጉት።

"በል ውረዳ! እስካሁን የተዋወቅሁት ከመኪናህ ጋር ነው። አንተ ስምህ ማነው?"

ወርጄ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። እህሉ ያን ቀን መጋዘን የደረሰው መሽቶ ነው።