ጠራዡ የፈሩት ማግኔት

ሽማግሌው መጽሐፍ ጠራዥ ሚስታቸውን ከቀበሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በእነዚህ ዓመታት ደንበኞቻቸው በሩን አንኳኩተው አንኳኩተው ሌላ ዘንድ ሄደዋል። ሐኪማቸው ሕመሙ ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒት ቢለዋውጥላቸውም አልበጅ አላቸው። በመጨረሻ ወደ አንድ ጥናት ላካቸው። በጥናቱ የታማሚው አንጎል ጭንቅላት ላይ በሚያዝ ማግኔት ይነቃቃል፤ ከዚያ በፊትና በኋላም በትልቁ ማሽን ምስል ይነሣል።

በቀጠሯቸው ጠዋት እስከ ሆስፒታሉ ምድር ቤት ወረዱና የማሽኑን ክፍል በር ሲያዩ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ሊመለሱ ዞር ሲሉ ደረጃው ላይ ነጭ ጋውን ከለበሰች ወጣት ጋር ተገጣጠሙ። እናቷ ብቻዋን ያሳደገቻት የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ ከሰፈሩ ከለቀቁ ወዲህ ተምራ የዚያው ማሽን ባለሙያ ሆናለች።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቴ፣ ልጄ።»

«ቀጠሮዎ እኮ አሁን ነው። እስቲ ትንሽ እንቀመጥ።»

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ይህ ማግኔት የሰው ሐሳብ አይመነትፍም?» አሉ ሽማግሌው።

«አይመነትፍም። ጠቅ ጠቅ እያለ የተኙትን የአንጎል ክፍሎች ይቀሰቅሳል። ራስ ምታት የሚያመጣበት ሰው አለ፤ እጅግ አልፎ አልፎም እንደሚጥል በሽታ ሰው ያንቀጠቅጣል። ለዚህ ነው አስቀድመን ብዙ የምንጠይቀው። ሰውነትዎ ውስጥ ብረት አለ?»

«ብረት ቢኖረኝማ መች እንዲህ እጎብጥ ነበር።»

እሷ ሣቀች፤ እሳቸው አልሣቁም።

«ምስሉስ ለምን ይጠቅማችኋል?»

«ተሻለኝ የሚል ታማሚ አለ፣ ምንም ያልተሻለውም አለ። ለምን እንደሆነ ከውጭ ሆነን አናውቅም። ምስሉ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደሠራ፣ ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ያሳየናል። የብዙ ሰው ምስል ሲሰበሰብ፣ ለሚቀጥለው ታማሚ ማግኔቱን የት እንደምናስቀምጥ በግምት አንሄድም።»

«እኔስ ይሻለኛል?»

«እሱን ልዋሽዎት አልችልም። ላይሻልዎት ይችላል።»

ያየ ሰው ሽማግሌው ማሽን ፈሩ ይል ነበር። የማያውቁትን መፍራት ደግሞ አያስነቅፍም። እሳቸው የፈሩት ግን ሌላ ነበር።

«ልጄ፣ ቤቴ ውስጥ ማንም የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ጠዋት ስነሣ የሚጠብቀኝ ሐዘኔ ብቻ ነው። እሱንም ከወሰዳችሁብኝ እሷን የሚያስታውስ ማን ይቀራል? ልጅ አልወለድን።»

ባለሙያዋ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሼ፣ እትዬ ሲሥቁ እንዴት ነበሩ?»

ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ። የመጣላቸው ግን የመጨረሻዋ ሳምንት ነው፤ አልጋው፣ የከበደው ትንፋሽ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው ሣቋን ፈለጉ፤ አጡት።

«አልመጣልኝም» አሉ።

«እኔ ግን አስታውሳለሁ። ግድግዳችን ስስ ስለነበር እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሐዘኑ እትዬን ጠብቆልዎት ቢሆን ኖሮ ሣቃቸውም አብሮ ይኖር ነበር። የሸፈነብዎት ሕመሙ ነው። እኛ የምንነካው እሱን ነው።»

 ሽማግሌው ብረት ነው ብለው ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ሰጧትና ተነሡ።

ማሽኑ እንደ በርሜል የጠበበ ነው፤ ጩኸቱም ጆሮ ያደነቁራል። በየመሐሉ በድምፅ ማጉያው «አለሁ፣ ጋሼ» ትላቸዋለች። በሦስት ዓመት ውስጥ አለሁ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ እዚያው ተኝተው እንባቸው ወደ ጆሯቸው ወረደ።

ከዚያ ለማግኔቱ ስድስት ሳምንት ተመላለሱ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር፤ ከዚያ የምግብ ጣዕም መጣ፤ አንድ ቀንም ሳይታወቃቸው መስኮቱን ከፍተው መንገደኛ ሲያዩ ቆዩ። ሁሉም ታማሚ እንዲህ አልቀናውም። የሁሉም ምስል ግን፣ የቀናውም ያልቀናውም፣ ገና ለሚመጡት ትምህርት ሆኖ ተቀመጠ።

በመጨረሻው ቀን ባለሙያዋ የፊተኛውንና የኋለኛውን ምስል ጎን ለጎን አሳየቻቸው።

«ብቸኝነቴ የቱ ጋ ነው?» አሉ።

«እሱ በዚህ አይታይም፣ ጋሼ። በማግኔትም አይድንም።»

ሽማግሌው ይህን መልስ ወደዱት። ሕመሙ ሌላ፣ ብቻ መሆን ሌላ መሆኑን ያን ጊዜ ለዩ፤ ለአንዱ ሐኪም አለ፣ ለሌላው ግን ራሳቸው መሄድ አለባቸው።

ካፖርታቸውን ለበሱና በሩ ላይ ቆሙ።

«እናትሽ አሁንም ብቻዋን ናት?»

«አዎ፣ ብቻዋን ናት።»

«እስቲ ቤቷን አሳዪኝ» አሉ።