መንጋጋዬን ያላላው ጩኸት
ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነበር፤ ሆሳዕና ከተማ አጠገብ ያለው መንደራችን ብርድ ነበር። የአፍ ካንሰሬን አዲስ አበባ በጨረር ታክሜ ተመለስኩ። ነርሷ፣ «አባባ፣ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ፤ አፍዎን ከፍተው ያውሩ፣ አለበለዚያ መንጋጋዎ ይደርቃል» ብላኝ ነበር። መጉመጥመጡን አላቋረጥኩም። ወሬውን ግን ተውኩት፤ ድሮም አላወራም፣ ቤተሰቡም ዝምታዬን ስለለመደው ማንም ምን ሆንክ አላለኝም።

አንድ ቀን እህቴ በቡላና በቅቤ የተሠራ አተካና ከምትኖርበት ከቦኖሻ ይዛልኝ መጣች። ማንኪያው ጥርሴ ላይ ቀረ፤ አፌ አልከፈት አለኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ ቅቤው አነሰህ?» አለች።

ልጄ ግን ነርሷ ያለችው እንደደረሰ ገባትና ደነገጠች። «አባባ፣ ከእኛ ጋር ማውራቱ ቢከብድዎት፣ ሲያርሱ በሬዎቹ ላይ ይጮኹ የለም እንዴ?»

መንጋጋዬ እያመመኝ ሳቅኩ። በማግስቱ እርሻውን፣ ስታመም ሲያርስልኝ ከነበረው ወንድሜ ተረከብኩና በሬዎቹን ጠምጄ፣ አፌን የቻልኩትን ያህል ከፍቼ «ቦራ! ዳልቻ! ተመለስ!» እያልኩ እስኪመሽ አረስኩ።