ዳፍንት

ጀንበር ስትጠልቅ በሞርስ ሮድ አውቶቡስ ላይ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ሴት ጠየቁ።

«ልጄ፣ ኢስተን ስንደርስ ትነግሪኛለሽ? ሲመሽ አይታየኝም።»

«እሺ ጋሼ። ዳፍንት ነው?»

«አዎ። ልጅ ሆኜ እናቴ ጉበት ታበላኝ ነበር፤ አልተሻለኝም። እዚህ ዶክተሩ ቼክ አድርጎኝ በዘር የመጣ ነው አለኝ። መኪና መንዳትም ተውኩ።»

«መድኃኒት የለውም?»

«ለእኔ አልተገኘም።»

«አይዞዎት። ልጆች አሉዎት?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ኢስተን ነው የምትሠራው። ትናንት ‹አባዬ፣ ሲመሽ ድራይቭ ሳደርግ መስመሩ አይታየኝም፤ መነጽር ሳያስፈልገኝ አይቀርም› አለችኝ።»

«ምን አሏት?»

«ግዢ አልኳት። ዛሬ እውነቱን ልነግራት ነው የምሄደው።»

ሴትየዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች።

«ደርሰናል ጋሼ። ክንዴን ይያዙ።»

እኔም እዚያው ወራጅ ነበርኩ፤ ለልጃቸው የሚነግሩትን እያሰብኩ ግን የሽማግሌውን ፊት ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።