ያልተሰማኝን ተሰማኝ አልልም

እህቴን ለመሸኘት ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች፤ ይህን የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ድምፄ ቢቆራረጥ ታገሡኝ፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸውና ሕይወታቸውን አንብቦ የመጨረሱ ድርሻ የእኔ ሆኗል።

እህቴ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በፊት ከመካኒኩ አባታችንና በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ከነበሩት እናታችን፣ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በትምህርታቸው ብርቱ፣ በሒሳብማ የሚደርስባቸው ያልነበረ ተማሪ ቢሆኑም፣ አሥረኛ ክፍል ሳሉ እናታችን በድንገት ስላረፉብን፣ ደብተራቸውን አጥፈው የስድስት ዓመት ልጅ የነበርኩትን እኔን ማሳደግ ያዙ። አባታችን «ተይ ልጄ፣ ትምህርትሽን አታቋርጪ» ቢሏቸው፣ «እሱ ይማር፤ እኔ ጨርቅ ላይ አሰላለሁ» ብለው መለሱላቸው።

እንዳሉትም አንዲት ባለሙያ ዘንድ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲተክሉና እጥፋት ሲሰፉ ከቆዩ በኋላ፣ በሯ ወደ መንገድ በምትከፈት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የራሳቸውን የስፌት መኪና ተከሉ። ደንበኛን ሁለት ጊዜ ሳይለኩ መቀስ የማያነሡ፣ ለክተውም «ልክ ነው?» ብለው የሚጠይቁ ስለነበሩ፣ ሰፈሩ «እትዬ ልኬ» የሚል ስም አወጣላቸው። አንዱ እጅጌ ከሌላው በጣት ስፋት ከበለጠ ይተረትሩታል፤ ደንበኛዋ ቸኩላ «ተዪው፣ ማን ያየዋል?» ስትላቸው «እኔ አየሁታ!» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው በብየዳ ሙያ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ የእሳት ፍንጣሪ የበሳሳውን ቱታቸውን ሊያስጠግኑ መጥተው ነው የተዋወቁት። ያው ቱታ በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እህቴ ከፍ አድርገው ወደ ብርሃን አዩትና «ሰውዬ፣ ሆን ብለህ ነው እንዴ የምትበሳው?» አሏቸው። እውነትም ሆን ብለው ነበር። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ።

አርባ ሦስት ዓመት በሆናቸው ጊዜ፣ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የሚሰፉበትን ጥቅል ጨርቅ ታቅፈው ከአንድ ፎቅ ሲወርዱ፣ የተደገፉት የደረጃው ብረት ተነቅሎ ከሥር ወዳለው ወለል ወደቁ። ሕብለ ሰረሰራቸው ተጎድቶ ነበርና ከወገባቸው በታች ያለው አካላቸው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መንቀሳቀስም መሰማትም አቆመ። በነቁ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቁን «ጫማዬን ማን አወለቀው?» ብለው ነው። ማንም አላወለቀውም፤ ጫማቸው እግራቸው ላይ ነበር።

ባለቤታቸው የስፌት መኪናውን መርገጫ ፈትተው ጥለው፣ በክርን የምትጫን ዘንግ ያላት ትንሽ ሞተር ስለገጠሙላቸው፣ እህቴ በስምንተኛው ወር ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የሚያዝንላቸው ሰው ሲበዛባቸው ተሽከርካሪ ወንበራቸውን እየመቱ «ሰው መቀመጫ ፍለጋ ይዞራል፤ እኔ ይዤው እዞራለሁ» እያሉ ያስቁን ነበር። ሆኖም ሲስቁ ብቻ የኖሩ አይምሰላችሁ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሳላንኳኳ ብገባ፣ በእንጨት መለኪያቸው ጉልበታቸውን እየደጋገሙ ሲመቱ አየኋቸው፤ አላዩኝም፤ በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ከአደጋው አሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት በስቴም ሴል የሚደረግ ሕክምና በጥናት መልክ መጀመሩን ልጃቸው ሰምታ ወሰደቻቸው። ጥናቱን የምትመራው ሐኪም፣ ስቴም ሴል ማለት ተባዝቶ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊሆን የሚችል የሰውነት ሕዋስ መሆኑን፣ ከዳሌ አጥንታቸው ተወስዶ በላቦራቶሪ ከተባዛ በኋላ በጀርባቸው በኩል ሕብለ ሰረሰሩ ወዳለበት ፈሳሽ እንደሚገባ፣ የተጎዳውን ነርቭ ይጠግን እንደሆነም ገና እየተፈተነ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳቻቸው። «ቃል አልገባልዎትም» አለቻቸው። እህቴም «እኔ ባልድንስ፣ እናንተ ትማሩበታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። «አዎ» ስትላቸው «እንግዲያው ጀምሪ» አሏት።

ሕዋሱ በጀርባቸው በገባ በስድስተኛው ወር ምርመራ ተደረገ፤ በእግሩ ጥቂት እንኳ የተሰማው ሰው የሕክምናውን ሁለተኛ ዙር ያገኛል፤ ያልተሰማው ከዚያ ያበቃል። ወገኖቼ፣ አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ወደዚያ ስንሄድ መኪና ውስጥ «እትዬ፣ ዓይንሽን ሸፍነው ሲነኩሽ ዝም ብለሽ ‹ተሰማኝ› በያቸው፤ ግማሹ እንኳ ይገጥማል» ብዬ ለመንኳቸው። ሐኪሟ አንዴ በጥጥ፣ አንዴ በመርፌ ጫፍ ሃያ ስምንት ጊዜ ነካቻቸው፤ ሃያ ስምንት ጊዜም «የለም» አሉ። ከክፍሉ ስንወጣ መታገሥ አቅቶኝ ብጮህባቸው «ያልተሰማኝን ተሰማኝ ብዬ፣ ከእኔ በኋላ የምትመጣውን ሴት በውሸት ጀርባዋን ላስወጋት?» አሉኝ። እኔም ያሳደጉኝን እህቴን ሦስት ሳምንት አኮረፍኳቸው። ይደውሉልኝ ነበር፤ ስልኩን እያየሁ አላነሣሁትም። እነዚያን ሦስት ሳምንታት ዛሬ ከየት ላምጣቸው?

አምስት ወር ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ልጃቸው እግራቸውን ስታጥብ «ቆይ ቆይ፣ ውሃው ሞቀ!» አሉ። ልጅቷ ደነገጠች፤ ከዚያም ፊታቸውን በፎጣ ሸፍና ቀዝቃዛና ሙቅ ውሃ ብታፈራርቅባቸው፣ በግራ እግራቸው ላይ አንዱንም ሳይስቱ ለዩት። ሐኪሟም መርምራ ስሜቱ በእርግጥ መመለሱን አረጋገጠች፤ ከሕክምናው ይሁን ከሌላ ግን በአንድ ሰው ብቻ መናገር እንደማይቻል ሳትደብቅ ነገረችን። ሁለተኛው ዙር ተዘግቶ ነበር። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ሳለቅስ እሳቸው በእርጥብ እጃቸው ራሴን ዳብሰው «አሥራ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት እግር የኔ መሆኑን ዛሬ ነገረኝ፤ በቃኝ» አሉ። ያን ቀን ቢዋሹ ኖሮ ቆመው ይሄዱ ነበር ወይ? አላውቅም። የሚያውቅም የለም። ቆመው ሳይሄዱ ቀሩ።

ባለፈው ወር ከኩላሊታቸው የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ ደማቸው ገብቶ፣ ሐኪሞች ሦስት ሳምንት ሙሉ ቢታገሉላቸውም፣ ማክሰኞ ጠዋት ባለቤታቸው ትራሳቸውን እያስተካከሉላቸው ሳለ ትንፋሻቸው ቆመ።

ቀብራቸው ለምን በሁለት ቀን እንደዘገየ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። እህቴ ሲያርፉ ሐኪሞቹ ሕብለ ሰረሰራቸውን ወስደው፣ በዚያ ሥፍራ ምን እንደተለወጠ እንዲያጠኑበት እሳቸው አስቀድመው ፈርመው ነበር። ለእኛ አልነገሩንም። ወረቀቱ ሲቀርብላቸው ባለቤታቸው «አንዴ የተሰበረ ወገቧን ደግሞ ልትከፍቱት ነው?» ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። በኋላም የእህቴን ፊርማ በጣታቸው ነክተው «የእሷ ነው፤ አድርጉት» አሉ። እኔ ግን ይህን ጊዜ አልተከራከርኩም።

እህቴ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ የእናት ያህል ሆነው ያሳደጉኝን እኔን ወንድማቸውን፣ በእጃቸው ስፌት የተማሩ አራት ሴቶችን፣ ፊታቸውን አይተው የማያውቁ ብዙ ሕሙማንንም ትተው ሄደዋል። እናንተ የኀዘናችን ተካፋዮች፣ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል።

ሁሉን የፈጠርክ ሆይ፤ የደከመ ሥጋቸውን ለአፈር ሰጥተናል፣ ነፍሳቸውን አንተ ተቀበልልን። እኛ ያላቆምናቸውን አንተ አቁማቸው። ለእሳቸው ዕረፍትን፣ ለእኛም ያለ እሳቸው ወደ ቤት የምንገባበትን ጉልበት ስጠን። አሜን።