የት እንደተቀበረች ንገሩን

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጎልማሶች ትምህርት ስወጣ፣ ጋሽ ገብረ አማኑኤልን ሞላሌ ገበያ ዳር አገኘኋቸው። የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የዕድራችንም ዳኛ ናቸው። በቀበሌያችን ሰው የሞተበት ሁሉ መርዶውን የሚሰማው ከእሳቸው አፍ ነው፤ መቼ እንደሚነገርም የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው።

«ተማሪዋ!» አሉኝ ደብተሬን አይተው። «ካረጁ አይበጁ ሲባል አልሰማሽም? ዛሬስ ምን አስተማሩሽ?»

«እንግሊዝኛ፣ ጋሼ።»

«አማርኛውን ጨረስሽውና!»

እውነት አላቸው፤ ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሦስት ዓመቴ ነው። እንግሊዝኛውን የጀመርኩት በሰው አገር በቀረችው ልጄ ምክንያት መሆኑን ግን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቀልዱን አላስረዘሙትም። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝና ከኮታቸው ውስጥ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ይህን አንብቢልኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። የወሰንየለሽ ልጅ፣ በኃይሉ፣ ዓረብ አገር ሞቷል። ጓደኛው ደውሎ ነገረኝ፤ ከሆስፒታሉ የተሰጠውን ይህንን ወረቀትም በስልክ ላከውና መሐል ሜዳ አሳተምኩት። እዚያ እንዳላስነብበው ወሬው ቀድሞኝ አገር ይገባል።»

ወሰንየለሽ የአጥር ጎረቤቴ ናት። በኃይሉን እኔም አዝዬዋለሁ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ይዤ ፈራሁ፤ አንድ ቃል ብሳሳት የማበላሸው የሰው ልጅ ሞት ነው። ሁለት ጊዜ ለራሴ ካነበብኩት በኋላ ነው ድምፄን ያወጣሁት። የማላውቀው ቃል ብዙ ነበር። የያዝኩት በዚያው ቀን የተማርኳቸውን ቃላት ነበር፤ የቀረውን ቀድሞ ከለቀምኩት ጋር እያገጣጠምኩ ተረዳሁት።

መምህራችን ምንይሉ ያን ቀን ያስተማረን መጠየቂያዎቹን ነበር፤ ሁ፣ ዋት፣ ዌር፣ ዌን፣ ሃው፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት። «እነዚህ ለመጠየቅ ብቻ አይደሉም» ብሎን ነበር። «በዐረፍተ ነገር መካከል ገብተው ሌላ ሐሳብ ተሸክመው ይመጣሉ። ‹ዌር ኢዝ ሂ› ካላችሁ ‹የት ነው› ብላችሁ ጠየቃችሁ። ‹አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ› ካላችሁ ግን ‹የት እንዳለ አላውቅም› ብላችሁ ተናገራችሁ። እኛ ሁለቱን ሐሳብ በ‹እንደ› እናያይዛለን፤ እነሱ ማያያዣ አይጨምሩም፤ መጠየቂያው ራሱ ያያይዛል። ከእሱ ኋላ ያሉት ቃላት ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ።»

ወረቀቱ በእነዚያ ቃላት የተሞላ ነበር።

«መቼ እንደሞተ ተጽፏል» አልኳቸው። «እንዴት እንደሞተም። ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ ነው። ሲሞት አጠገቡ ማን እንደነበረም ይላል።»

«እግዚአብሔር ያሳርፈው። በቃ?»

«አልበቃም፣ ጋሼ። ‹ቤተሰቡ የት እንዲቀበር እንደሚፈልግ አናውቅም› ይላል። ‹ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ፣ አስከሬኑን ማን እንደሚረከበው ንገሩን› ይላል። እስከ መቼ እንደሚያቆዩትም አለ።» የፈረንጁን ቀን በጣቴ ቆጠርኩት። «ከዛሬ ዐሥር ቀን ነው።»

«ለእናቱ የምነግራት ከገና በኋላ ነው» አሉ፣ ያልሰሙኝ ይመስል። «ገብሷ አልተወቃም። ጾም ላይ ናት፤ ባዶ ሆዷን ብትወድቅብኝስ?»

«ከገና በኋላማ እነሱ ቀብረውታል።»

«የትም ተቀበረ የት፣ አፈር ያው አፈር ነው።»

ልመልስላቸው ስል ወሰንየለሽ ራሷ ከገበያው መሐል ጀርባዋ ላይ ጆንያ አዝላ መጣች። ጋሽ ገብረ አማኑኤል ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

«ጋሽዬ፣ እንደምን ዋሉ! እናንተ ዘመዳሞች ደግሞ እዚህ ጥግ ምን ትዶልታላችሁ?» ብላ ሳቀች። ጆንያውን አውርዳ አፉን ፈታችልን፤ ባና የሚባለው የአገራችን ብርድ ልብስ የሚሠራበት ነጭ የበግ ጠጉር ነበር። «ለበኃይሉ ባና ላሠራለት ነው። ለበረሃ ሰው ባና ምን ያደርግለታል በሉኝ! ሲመጣ የጓሳ ብርድ ምሕረት የለውማ። ብቻ ድምፁን ካሰማኝ ሁለት ሳምንቱ። ምን ሆኖብኝ ይሆን፣ ጋሽዬ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው። ደኅና ነው።»

«አፍዎን ይባርክልኝ! እርስዎ ካሉማ እተኛለሁ።» ጆንያዋን አዝላ፣ እያጎነበሰች ሄደች።

ከኋላዋ እያየኋት እንባዬ መጣ። «ለእኔም ያሉኝ ይህንኑ ነበር» አልኳቸው። «ቃል በቃል።»

«ጥሩሸዋ…»

«ልጄ እስከዳር ከሞተች ሰባት ወር ሆኗት፣ አገር ሁሉ ሲያውቅ፣ እኔ ጠጉር ስፈትል ነበር። ባናውን አሠርቼ ‹በመንገደኛ ይላኩልኝ› ብዬ ለእርስዎ ሰጠሁ። ‹እሰየው፣ ይሞቃታል› ብለው ተቀበሉኝ። ከመርዶው በኋላ ጫፉ ከሣጥንዎ ወጥቶ አየሁት። አምስት ዓመት ሙሉ አላነሣሁብዎትም።»

 ዘንጋቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ እንደ ልማዳቸው በእርጋታ ተናገሩ።

«ባልሽን ገና መቅበርሽ ነበር። ሁለተኛ ዱላ ሲያርፍብሽ ትሞቺብናለሽ ብዬ ፈራሁ። አባቶቻችን መርዶን ቀን ቆርጠው፣ ዘመድ ሰብስበው፣ እህል ውኃ አዘጋጅተው የሚነግሩት ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው። ይህ ክፋት ነው?»

«መሰብሰቡ ክፋት አይደለም። ዘመድ ለመሰብሰብ ግን ሰባት ወር አይፈጅም። አርባዋ ሳላውቅ አለፈ። የሞተችውን ልጄን ‹ጤናዋን ጠብቅልኝ› እያልኩ ስጸልይላት ከረምኩ።»

«አርባዋን እኔ አስፈትቻለሁ። በድብቅ።»

«እናቷ በሌለችበት።»

ይህን ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። እኔም ደነገጥኩ፤ ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ።

«ለእስከዳርም ወረቀት መጥቶ ነበር» አሉ።

«ምን ዓይነት ወረቀት?»

«እንደዚህ ያለ። መሞቷን በስልክ ከሰማን ወረቀቱ ሌላ ምን ይነግረናል ብዬ አላስነበብኩትም። ከባናው ጋር አስቀመጥኩት።»

ቤታቸው ድረስ ሄድን። ሣጥኑን ከፍተው ባናውን አወጡ፤ ወረቀቱ እጥፋቱ ውስጥ ነበር። ብርሃን ወዳለበት ደጃፍ ወጥቼ አነበብኩት።  የልጄ ስም በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንድ ፊደል ተሳስቷል።

«ምን ይላል?» አሉ ከበስተኋላዬ።

«‹ቤተሰቧ ምን እንደሚፈልግ ልናውቅ እንወዳለን› ይላል። ‹የት እንድትቀበር እንደምትፈልጉ ንገሩን። ሠላሳ ቀን እንጠብቃለን› ይላል።»

«ጠብቀውናል ማለት ነው?»

«ሠላሳ ቀን፣ ጋሼ።»

መደቡ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።  «እኔ ከለቅሶ ያዳንኩሽ መስሎኝ ነበር» አሉ ከጋቢው ውስጥ። «ከልጅሽ መቃብር ነው የለየሁሽ።»

ከዚያ ተነሡ። «ቄሱን ልጥራ። አንቺ የወሰንየለሽን እህት ይዘሽ ነይ። ሕዝቡ ኋላ ይደርሳል። ገብሱን ዕድሩ ይወቃላታል።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ አራት ሆነን ወሰንየለሽ ቤት ገባን። የጠጉሩ ጆንያ ገና በሩ ሥር ነበር። ጋሽ ገብረ አማኑኤል ቁጭ በይ ሳይሏት፣ የያዘችውን ነገር ከእጇ ተቀብለው ነገሯት። ጩኸቷን አልጽፈውም፤ ልጅ የሞተባት እናት ታውቀዋለች። ወደቀች፤ እኛም ያዝናት። እህቷ ደግፋት፣ ቄሱ ውኃ ረጭተውላት ነፍስ ስትዘራ ያወጣችው ቃል ጥያቄ ነበር። የት ሞተ? መቼ? እንዴት? ማን ነበረ አጠገቡ? እኔም ወረቀቱን ይዤ እያንዳንዱን መለስኩላት። የአገሩ ልጅ እጁን ይዞት እንደነበረ ስነግራት «እጁን?» አለች። «እጁን» አልኳት። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

በማግስቱ እሷ እየነገረችን፣ እኔና መምህር ምንይሉ መልሱን ጻፍን። እዚያው ያሉት የአገሩ ልጆች እንዲቀብሩት፣ ካህን እንዲፈታው፣ በክርስትና ስሙ ወልደ ሚካኤል ተብሎ እንዲጠራ ፈቀደች። ቀኑ ሳያልፍ ደረሰላቸው። የመቃብሩ ፎቶግራፍ በስልክ መጣ፤ ስሙ ተጽፎበታል። ወሰንየለሽ ዛሬም ታለቅሳለች፤ ግን ፊቷን ወደየት አዙራ እንደምታለቅስ ታውቃለች። አርባውን ራሷ አወጣች።

ከገና በኋላ ዕድሩ ሲሰበሰብ ጋሽ ገብረ አማኑኤል ቆመው ተናገሩ። ከእንግዲህ መርዶ ቢበዛ በማግስቱ ይነገር፤ ከሩቅ አገር የመጣ ወረቀት ሳይነበብ ሣጥን አይግባ አሉ። አንድ ሽማግሌ «ሥርዓታችንን አፈረሱት!» ቢላቸው «ሥርዓቱ ለሐዘንተኛው ነበር፤ እኔ ለራሴ ፍርሃት አደረግሁት» ብለው መለሱለት። ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን የጻፍኩላችሁም ለዚሁ ነው። እናት ሐዘኗን ትችላለች፤ የማትችለው የልጇን ነገር ሌላው ሁሉ አውቆ እሷ አለማወቋን ነው። ሐቁን በጊዜው የሰማች እናት መልስ ትሰጣለች፤ ታስቀብራለች፤ በጊዜው ታስፈታለች። ማንበብ የምትችሉም አንብቡላቸው። የማትችሉ ደግሞ ኑ፤ ሞላሌ ክፍላችን ውስጥ ወንበር አለ።

እኔም ስለ እስከዳር ጽፌያለሁ። የት እንደተቀበረች ንገሩን ብዬ ለዚያ ወረቀት መልስ ላክሁ፤ አምስት ዓመት ዘግይቼ። እስካሁን ምንም አልመጣም። ባናውን አልጋዬ ላይ አንጥፌዋለሁ፤ ብርድ ሲጸናም አልለብሰውም።

ባለፈው ቅዳሜ መምህር ምንይሉ፣ መጠየቂያ ቃል መካከሉ የገባበት አንድ ዐረፍተ ነገር ከየራሳችን እንድንጽፍ አዘዘን። ‹አይ ዶንት ኖው ዌር ማይ ዶተር ኢዝ› ብዬ ጻፍኩ። ልጄ የት እንዳለች አላውቅም። ደብተሬን ተቀብሎ አነበበ፤ ቀና ብሎም አየኝ። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቶ ራይት አደረገልኝ።